በጋቢናው ወለል ላይ የታሰረው ሣጥን

ያ የመኪና ውድድር ለምን እንደ ሞተ ጀርመን ውስጥ በእኛ በአይፍል ተራራማ መንደሮች ከጠየቃችሁ፣ የምታገኙት መልስ እንደ ተቀመጣችሁበት ጠረጴዛ ይለያያል። ቢራ ሻጮቹ የመግቢያው ዋጋ ገደለው ይላሉ። ጋዜጠኞቹ ኮምፒውተር ገደለው ይላሉ። አጎቴ ኤካርት ደግሞ መኪናዎቹን ከሕዝቡ የለየው የሽቦ አጥር በተተከለ ቀን ነው የሞተው፣ ከዚያ በኋላ የነበረው ተዝካሩ ነው ባይ ነው። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ነገር ግን በአክስቴ መኪና ጋቢና ወለል ላይ ስለ ታሰረው ጥቁር የብረት ሣጥን የሚያነሣ ሰው ስለሌለ፣ እኔ የማውቀውን ላውራ።

አክስቴ ኢርምጋርት ዶርፍሊንገር ጋራዥ አላት። ባሏ ጌርት በሕይወት ሳለ ውድድሩ የጎረቤት ጨዋታ ይመስል ነበር። በሥራ ቀን ዳቦ የሚያመላልስ መኪና ወንበሩ ይወልቅና፣ ከውስጥ የቱቦ ብረት ይበየድለትና፣ እሑድ እሑድ «ሪንግ» በምንለው የመወዳደሪያ ጎዳና ላይ ይሮጣል። ተመልካቹ በመኪናዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ኮፈኑን ይዳስሳል፤ መካኒኩን «ዛሬስ እንዳታዋርደን!» ይለዋል። ጌርት ለዓመታት ተወዳድሮ አንድም ቀን አንደኛ ሳይወጣ ሞተ። አክስቴ ቡድኑን አልዘጋችም፤ መሪውን ለወንድሟ ለኤካርት ሰጠችው። የኤካርት ሙያ ጣሪያ ነው። የድሮ አብያተ ክርስቲያናትን ጣሪያ የእርሳስ ብረት ልባጥ ያለብሳል። ከፍታ የማይፈራ ሰው ፍጥነት አይፈራም ብላ ነው የመረጠችው።

ከዚያ ፋብሪካዎቹ መጡ። ሕዝቡ የወደደውን አይተው ነው የመጡት፤ ለዚህ አልወቅሳቸውም። በመንደራችን በስማቸው ሳይሆን በቀለማቸው ነበር የምንጠራቸው፦ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ። መጀመሪያ ደስ አለን። መኪናዎቹ አማሩ፣ ሕዝቡ ከሆላንድና ከቤልጅየም ሳይቀር ጎረፈ፣ የአተር ሾርባ የሚሸጡት ሴቶች ድስት ጨመሩ። ቀስ በቀስ ግን ከውጭ የቤት መኪና የሚመስለው ነገር ከውስጥ ሌላ ፍጥረት ሆነ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ ለብቻው መሞቅ ነበረበት። ፍሬኑን ነጂው ይረግጠዋል እንጂ የትኛው ጎማ ምን ያህል ይያዝ የሚለውን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ቀዮቹ አንድ ነገር ሲጨምሩ ሰማያዊዎቹ ሁለት ይጨምራሉ። ውድድሩ ባሕር ተሻግሮ በባዶ ወንበሮች ፊት ተካሄደ፤ እዚህ ቤት ደግሞ አጥሩ ቆመ። የግል ቡድኖች አንድ በአንድ ለቀቁ። በመጨረሻ ያረጀ መኪና ይዘን የቀረነው እኛ ብቻ ነበርን። እኔ ያኔ አኽን ከተማ ምሕንድስና ተምሬ ጨርሼ ከአክስቴ ጋር መሥራት ጀምሬ ነበር።

ሣጥኑ የመጣው ከድህነታችን ነው። ደንቡ መኪና ከተወሰነ ክብደት በታች እንዳይሆን ያዛል። የፋብሪካዎቹ መኪናዎች ያንን ክብደት በፓምፕና በኮምፒውተር ይሞሉታል። እኛ የምንሞላበት ስላልነበረን መኪናችን ቀልሎ ተገኘ። ኤካርት የመንደራችንን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲያድስ የወለቀውን አሮጌ እርሳስ ከቄሱ ለምኖ አመጣ። ቄሱም «እግዚአብሔር ያፍጥናችሁ» ብለው ሰጡት። ሣጥኑን ራሱ በየደው፣ እርሳሱን ደረደረበት፣ በነጂው ጎን ባለው ወለል ላይ በአራት ቡለንና ከቡለኑ ራስ ሥር በሚገቡ ሰፋፊ የብረት ቀለበቶች፣ በሮንዴላዎች፣ አሰረው፣ ጥቁር ቀባው። በዚያው ዓመት ሪንግ ላይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ዝናብ የወረደበት ውድድር ነበር። የፋብሪካዎቹ ኮምፒውተሮች ውሃው ግራ አጋባቸው። ዕድሜውን በእርጥብ ጣሪያ ላይ ሲራመድ የኖረው ኤካርት ግን ግራ አልተጋባም። አንደኛ ወጣ። አክስቴ ዋንጫውን የጌርት የራስ ቁር ከተሰቀለበት ሥር አስቀመጠችው። አላለቀሰችም፤ ብቻ ለብዙ ሳምንታት ያንን ጥግ ሌላ ሰው እንዲጠርገው አትፈቅድም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ፀሐያማ ውድድር ላይ ጋቢናው ውስጥ ያለው የቴሌቪዥን ካሜራ ሣጥኑን ሲያሳይ ዋለ። አንድ መጽሔት ከዚያ ሁለት ሥዕሎች ወስዶ ጎን ለጎን አተመ፦ አንዱ መኪናው በቀጥታው መንገድ ሲበር፣ ሌላው ኤካርት ፍሬን ሲይዝ። በሁለተኛው ሥዕል ሣጥኑ ትንሽ ወደ ፊት ተጠግቶ ይታያል። እኔ ካሜራው ተንቀጥቅጦ ነው ብዬ ገጹን ገለጥኩት። የፋብሪካዎቹ መሐንዲሶች ግን አልገለጡትም። በእነሱ ዓለም በውድድር መኪና ላይ ያለ ምክንያት የሚቀመጥ ነገር የለም። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚሄድ ክብደት የፊት ጎማዎቹን መሬት ያስጨብጣል፤ ታዲያ ይህች ሴትዮ በዝናብ ያሸነፈችው በዚህ ነው አሉ። ክረምቱን ሙሉ ቀዮቹም ሰማያዊዎቹም በየፊናቸው በሞተር የሚንሸራተት ክብደት ሠሩ። ያ ዓመት እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ የከበደ ወጪ የወጣበት ዓመት ሆነ። በአጥሩ ውስጥ ስናልፍ የሰማያዊዎቹ መካኒኮች ኤካርትን ይጎነትሉት ነበር።

«ኤካርት! ሣጥኑ እንዴት አደረ?»

«ደኅና ነው። ቁርሱን በልቶ ተኝቷል» ይላቸዋል።

እነሱ ይስቃሉ፤ ዋና መሐንዲሳቸው ዶክተር አስሙስ ግን አይስቁም። ቀጭን፣ ትሑት፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው የሚሄዱ ሰው ናቸው። መኪናችን አጠገብ ሲደርሱ ሁልጊዜ ርምጃቸው ይዘገያል።

በመከር ወራት አንድ ቀን ውድድሩን የሚያስተዳድሩት አቶ ብሩንክሆርስት ጋራዣችን መጡ። አክስቴ የድንች ቂጣ ከፖም ማርማላታ ጋር አቀረበችላቸው። አልነኩትም።

«ወይዘሮ ዶርፍሊንገር፣ ሁለቱም ሊወጡ ነው። ቀዮቹም፣ ሰማያዊዎቹም።»

«ይውጡ። ያለነሱ አይደል እንዴ የጀመርነው?»

«ያኔ አብረዎት የጀመሩት የት አሉ? ብቻዎን ሊሽቀዳደሙ ነው?»

«ቢያንስ አንደኛ እወጣለሁ» አለ ኤካርት።

አቶ ብሩንክሆርስት ወንበራቸውን ወደ አክስቴ አስጠጉ። «ይስሙኝ። ሁለቱም ያንን የሚንሸራተት ክብደት ቢጥሉት ደስ ይላቸዋል፤ ወጪው ሊበላቸው ነው። ግን ማን ይቅደም? ቀዮቹ እነሱ ይጣሉ ይላሉ፣ ሰማያዊዎቹ እነሱ። ሁለቱም 'ዶርፍሊንገር ባትጀምረው መቼ እንሠራው ነበር' ይላሉ።»

«እኔ ምንም አልጀመርኩም። የቤተ ክርስቲያን እርሳስ ነው!»

«ይሁን፣ እርሳስ ይሁን። ስብሰባው ላይ ተነሥተው 'አዎ፣ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀድሜ አነሣለሁ' ቢሉ፣ እነሱ ተከትለው ያነሣሉ። ማንም ፊቱ አይጠቁርም። ደንቡን እንጽፋለን፣ በሚመጣው ዓመት ሁላችንም እንወዳደራለን።»

«ዋንጫውስ?»

አቶ ብሩንክሆርስት የድንች ቂጣውን ያኔ ነው ያዩት። «እሱ እንግዲህ... መሰረዙ አይቀርም።»

ከሄዱ በኋላ ወንድምና እህት ተያያዙ።

«በያቸው በቃ!» አለ ኤካርት። «ምን ቸገረሽ? የነዳሁት እኔ፣ ያሸነፍኩት እኔ። እኔ ተውኩት እያልኩሽ!»

«አንተ ትተኸው ይሆናል። ጌርት ያልደረሰበት ነገር ነው።»

«ጌርት እኮ ዋንጫ ፈልጎ አልነበረም፣ መንዳት ፈልጎ ነው።»

«አንተ ስለ ጌርት ለእኔ ልታስተምረኝ?»

ወደ እኔ ዞረች። «የተማርከው አንተ ነህ፣ ሄኖ። ምን ትላለህ?»

ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ለመሆን ሞከርኩ። ውሸቱ ብዙ ሰው እንጀራው ላይ ያቆያል፤ እውነቱ የሚያተርፈው አንድ ዋንጫ ብቻ ነው አልኩ።

«አንድ ዋንጫ ብቻ» አለች ቀስ ብላ፤ ሳህኖቹን አነሣሥታ ወጣች። ያልኩት ስሕተት አልነበረም። ሆኖም የድንች ቂጣው ሳይነካ ሳህኑ ላይ እንዳለ ይዛው ስትወጣ አየሁና ደስ አላለኝም።

ስብሰባው ሪንግ አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ሁለቱም ፋብሪካዎች አለቆቻቸውን ልከዋል፤ ዶክተር አስሙስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። አቶ ብሩንክሆርስት ንግግራቸውን ጨርሰው «ወይዘሮ ዶርፍሊንገር አንድ ነገር ይሉናል» አሉ። አክስቴ ተነሣች።

«ግቢው ውስጥ መኪናውን አምጥቼዋለሁ። ኑ እዩት።»

ካፖርታቸውን እየደረቡ ወጡ። አክስቴ በሩን ከፍታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ የሣጥኑን ክዳን ፈታች። የእርሳሱን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ እያወጣች ኮፈኑ ላይ ደረደረች። ባንዳንዱ ላይ ከጣሪያው የመጣ አረንጓዴ ሽበት አሁንም አለ፤ አንዱ ላይ ደግሞ የርግብ ኩስ።

«ይኸው ነው» አለች። «ሞተር የለው፣ ሽቦ የለው። አልተንቀሳቀሰም። ያሸነፍነው በንጹሕ ነው። ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ አልልም።»

ከዚያ የቀዮቹ አለቃ «ይሄ ለዛሬ የተዘጋጀ ነው» አለ። ሰማያዊዎቹ በዚህ ነገር እንኳ ከቀዮቹ ጋር ተስማሙ። ነገሩን ሳስበው ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ካመኑ፣ ያን ሁሉ ሀብት የርግብ ኩስ ሲቀዱ ማባከናቸውን ለባለቤቶቻቸው ሄደው ሊናገሩ ነው። አለማመን ይቀላል። ሰማያዊዎቹ መውጣታቸውን በዚያው ሳምንት አስታወቁ፤ ቀዮቹም ተከተሏቸው። ብቻቸውን ሮጠው ማንን ሊያሸንፉ? ውድድሩ እንዲህ አለቀ። ኤካርት አክስቴን ለብዙ ጊዜ በደንብ አላናገራትም። የአተር ሾርባ የሚሸጡት ሴቶችም እንዲሁ።

በጸደይ አንድ ቅዳሜ ዶክተር አስሙስ በራሳቸው ትንሽ መኪና ብቻቸውን መጡ። ጋራዡ በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ዶርፍሊንገር። ፋብሪካው አልላከኝም። እኔ አሁን የበር እጀታ ክፍል ነኝ።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«ያን ቀን ክዳኑ ሲከፈት አየሁ እንጂ ሣጥኑን አልገፋሁትም። ልግፋው?»

አክስቴ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ይግፉታ።»

በእጃቸው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ በሁለት እግራቸው ገፉት። «ጓ» አለ። ሣጥኑ አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት ሄደ።

የአክስቴ ፊት አመድ መሰለ። እኔ በሆዴ ተኝቼ ከሥር አየሁ። በሰፋፊዎቹ ሮንዴላዎች ሥር የተሸፈኑት ቀዳዳዎች ክብ አልነበሩም፤ ሞላላ ነበሩ። አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ።

«ኤካርት!» ብላ ጮኸች አክስቴ።

ኤካርት ከጓሮ ሳንድዊቹን እያኘከ መጣ።

«ይሄ ሣጥን ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

«ይንቀሳቀሳል እንጂ፣ ማን ጠየቀኝና! እርሳስ አይደል? ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ቀዳዳውን አስረዝመህ መተንፈሻ ካልተውክለት ይሰነጠቃል። አባቴ በዚህ ነገር ስንቴ ጆሮዬን ጎትቶኛል!»

«ጣሪያ ላይ እኮ ነው!» አልኩ። «ይሄ ሣጥን ነው፣ ያውም መኪና ውስጥ!»

«እርሳስ የት እንዳለ ምን ያውቃል?» አለ ኤካርት። የሚቀልድ አልመሰለኝም።

ዶክተር አስሙስ ሣጥኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ሥዕሉ እውነት ነበር» አሉ ለራሳቸው።

አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አልተንቀሳቀሰም ብያለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ውድድሩንም የቀበርኩት በዚህ ቃል ነው።» ቀና ብላ ዋንጫውን አየች። «በዚህ ከሆነ ያሸነፍነው፣ እመልሰዋለሁ።»

«ለማን? ውድድሩ የት አለና?» አለ ኤካርት።

«ሁለተኛ ለወጣው ሰው። ቤቱ ድረስ እወስድለታለሁ። ዶክተር፣ በዚህ ማሸነፍ አለማሸነፋችንን ማወቅ ይቻላል?»

«ይቻላል» አሉ ዶክተር አስሙስ። ዓይናቸው ሲበራ ያየሁት ያኔ ነው። ሰውየው የመጡት ለመክሰስ አልነበረም፤ ለማወቅ ብቻ ነበር።

ወታደሮች ትተውት ወደ ሄዱት የአውሮፕላን ሜዳ ወጣን። ዘዴው ቀላል ነበር። ሣጥኑን አንዴ በእንጨት ሽብልቅ አጥብቄ፣ አንዴ ለቅቄ፣ ለኤካርት የትኛው እንደሆነ ሳልነግረው አስነዳዋለሁ። ከሣጥኑ እግር እስከ ወለሉ ድረስ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፤ ሣጥኑ ከተንሸራተተ መስመሩ ይቆረጣል። ዶክተር አስሙስ ሰዓታቸውን ይዘው ሜዳው ዳር ቆሙ። አክስቴ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

በደረቁ መሬት፣ ሽብልቁ በሌለ ጊዜ ሁሉ መስመሩ ተቆረጠ። ኤካርትም በእያንዳንዱ ጊዜ እየተነጫነጨ ወረደ።

«አሁን ደግሞ ምን አድርጋችሁት ነው? ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ሰው የሚገፋኝ ይመስለኛል። አፍንጫው ይደፋል፣ ጅራቱ ይጨፍራል!»

ዶክተር አስሙስ ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ፤ ወደ አክስቴ መስኮት ሄዱ። «ሲለቀቅ ያዘገያል። ሁልጊዜ። ሣጥኑ በደረቅ መሬት ጎድቷችኋል እንጂ አልጠቀማችሁም።»

«ያሸነፍነው ግን በዝናብ ነው» አለች አክስቴ። አልተጽናናችም። «በዝናብስ?»

አይፍል ውስጥ ዝናብ መለመን አያስፈልግም። ምሳችንን በልተን ሳንጨርስ ሜዳው ረጠበ። ሽብልቁን አወጣሁ፣ አዲስ መስመር አሰመርኩ። ኤካርት ብዙ ዙር ሄደ፤ ጎማው ውሃውን እንደ ጨርቅ ሲቀድ ይሰማ ነበር። ሲቆም አክስቴ ከሁላችንም ቀደመች። ካፖርቷ መሬት እየጠረገ ተንበርክካ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ና እየው። ዓይኔን አላመንኩትም።»

መስመሩ እንዳሰመርኩት ነበር። አንድም ቦታ አልተቆረጠም።

«በእርጥብ መሬት ፍሬን እንደ እንቁላል ነው የሚረገጠው» አሉ ዶክተር አስሙስ ከኋላችን፣ ከባርኔጣቸው ውሃ እየተንጠባጠበ። «ያን የመሰለ ክብደት በዚያ አይነሣም። ያን ቀን ሣጥኑ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ወይዘሮ ዶርፍሊንገር። ያሉት ልክ ነበር።»

አክስቴ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። «ኢርምጋርት በለኝ» አለችና እጇን ዘረጋችለት። እኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአቶ ብሩንክሆርስት ጋር እስከ ዛሬ አንቱ ይባባላሉ።

«ሉድገር» አለ ዶክተር አስሙስ፣ እጇን ጨብጦ።

«ሉድገር፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የናንተው ክብደት፣ ያ በሞተር የሚሄደው፣ እሱስ ያፈጥን ነበር?»

ባርኔጣውን አውልቆ ውሃውን አራገፈ። «እሱም ያዘገይ ነበር።»

«እና ለምን አልጣላችሁትም?» አለ ኤካርት።

«እኛ በደንብ መቅዳት ያቃተን መስሎን ነበር። ትክክለኛው የናንተው ነው ብለን እናምን ነበር።»

ኤካርት የመኪናውን ጣሪያ እየደበደበ ሳቀ፤ ሉድገርም ትንሽ ዘግይቶ ተከተለው። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን እነዚያ ባዶ የባሕር ማዶ ወንበሮችና የሾርባ ድስቶቹ ትዝ አሉኝ፤ ሳቄን ዋጥኩት።

አክስቴ አልሳቀችም። ከመሣሪያ ሣጥኑ ቁልፍ አንሥታ መኪናው ውስጥ ገባችና ቡለኖቹን አንድ በአንድ ታጠብቅ ጀመር፤ ትንፋሿ እስኪሰማ ድረስ።

«ኧረ ተይ ኢርሚ፣ እንዲህ አታጥብቂው!» አለ ኤካርት። «በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል እኮ!»

«ይሰንጠቅ» አለች፣ ቀና ሳትል።